ከቅዳሜ እስከ ሰኞ በወሎ፦ ዓሣው፣ ቅኝቱና የባቲ ገበያ

የወሎን ጉዞ የሚያቅድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካርታ ይዘረጋል። ከቀን መቁጠሪያው ቢጀምር ይሻለዋል። ባቲ ረቡዕ ዕለት የቆላ ሙቀት ያደከማት ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰኞ ግን አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ የሚገናኝባት ሰፊ ገበያ ትሆናለች። የሐይቅ ከተማ ዓሣ ጠዋት ሌላ፣ ከሰዓት ሌላ ነው። አዝማሪ ቤት ማክሰኞ ማታ ብትገቡ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ በሁዳዴ ብትመጡ ደግሞ ጭራሽ ተዘግቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ዕቅዱ ይህን ይመስላል፦ ቅዳሜ ሐይቅና ደሴ፣ እሁድ ቡና እና ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ጠዋት ባቲ። ሰኞን ከመሥሪያ ቤት ማስፈቀድ የግድ ነው፤ የጉዞው ትልቁ ቀን እሱ ነውና።

ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አውቶቡሶቹ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ ደብረ ብርሃንን፣ ጣርማ በርን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ደሴ እስኪገባ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ መነሻው ዓርብ ነው። ቀን መቆጠብ የሚፈልግ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን ይመጣል። በየትኛውም ብትመጡ ከመነሳታችሁ በፊት በመስመሩ ለሚሠራ ሾፌር ደውሉ፤ መንገዱ ሰላምና ክፍት መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ትናንት የነዳበት ሰው ነው። ማታ አትጓዙ።

ሻንጣው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ባቲ ከዚያም ዝቅ ትላለች። በሦስት ቀን ውስጥ ጋቢም ስስ ሸሚዝም ትፈልጋላችሁ። ደሴን ከኮምቦልቻ የሚያገናኘው የሐረጎ መንገድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይወጣል፤ እጥፋቱ ብዙ ነው፤ በክረምት ጠዋት ጉም ይጋርደዋል። መኪና ላይ ራሱን የሚያዞረው ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ዓይኑን ከመንገዱ አይንቀል፣ ስልኩንም ኪሱ ይክተት። ቅባት የበዛበት ቁርስ ከሐረጎ በኋላ ይሁን።

ቅዳሜ በጠዋት ከደሴ መናኸሪያ የሐይቅን ሚኒባስ ያዙ። ርቀቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከከተማው እስከ ውሃው ዳር በባጃጅ ትወርዳላችሁ። አጥማጆች መረባቸውን አብዛኛውን ጊዜ ማታ ጥለው ጠዋት ያነሳሉ፤ ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የምታገኙት ዓሣ ከውሃ ከወጣ ብዙም አልቆየም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚቀርብላችሁ ያው የጠዋቱ ዓሣ ነው፤ ልዩነቱ በረዶ ሳያገኝ ሙቀት ላይ መዋሉ ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ጥሬውን አሳዩን በሉ፤ ይህን የሚቀየም ባለ ቤት የለም። ስንጥቡን ገለጥ አድርጉ፤ ደማቅ ቀይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ቡናማ ከሆነ ተዉት። ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ካልሞላ ውሎ ያደረ ነው።

ለጥብስ ቆሮሶ ይመረጣል። አምባዛ ሥጋው ለስላሳና ቅባታም ስለሆነ ለጉላሽና ለወጥ ይሻላል፤ ሙሉውን ልጥበሰው ቢሉት ውጭው ሲያር ውስጡ ሳይበስል ይቀራል። ቆሮሶው ቅርፊቱ ተልጦ፣ ሆዱ ወጥቶ፣ ሁለቱም ጎኑ በየጣት ውፍረቱ እስከ አጥንቱ ድረስ ይሰነጠቃል። ጨውና ሎሚ ተቀብቶ 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በደንብ ይደርቃል። ማድረቁ የሚናቅ አይደለም፤ እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ያፈናጥረዋል፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ይጣበቃል። ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ቁራሽ እንጀራ ይጣልበታል፤ ወዲያው ተንሳፎ ከተንጫጫ ደርሷል። ሁለት ሦስት ዓሣ አንዴ የሚጨምር ጠባሽ ካያችሁ ጊዜ ካላችሁ በየተራ እንዲጠብስላችሁ ለምኑት፤ ዘይቱ ከቀዘቀዘ ዓሣው ይጠጣውና ሳይጠበስ የተቀቀለ ይመስላል። ከጎኑ ዳጣ ወይም አዋዜ፣ ሎሚ፣ እንጀራ፤ ሌላ አያስፈልገውም። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለና አብሯችሁ የተቀመጠውን ሳትጠይቁ ለማዕዱ አትዘዙ።

ዳሩ ላይ እግር መንከር ደስ ይላል፤ መዋኘት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ቶሎ ይጠልቃል፤ መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት የሚፈልጉ ወንዶች በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን ቦታ ያገኛሉ፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ ውስጥ አይገቡም፤ ይህንን ከመድረሳችሁ በፊት ብታውቁት ይሻላል። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ብትቀጥሉ የአምባሰል አገር ነው፤ የ1881ዱ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ይስማ ንጉሥም እዚያው ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ሁሉንም አይችልም። በስምንት ሰዓት ወደ ደሴ ተመለሱ።

ደሴ ውስጥ ከምግቡ በፊት የምግብ ቤቱን ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል። ወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሰፈር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቤተሰብ ሆኖ የሚኖርበት አገር ነው፤ ሥጋው ግን የየራሱ ነው። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ታያላችሁ። ጓደኞቻችሁ ድብልቅ ከሆኑ ሁሉንም የሚያስማማው ሽሮ፣ ፉል ወይም ዓሣ ነው። ረቡዕና ዓርብ የፍስክ ምርጫው ይቀንሳል፤ ጥሩ የበያይነት ቤት ለማግኘት ግን ከእነዚህ ቀናት የተሻለ የለም፤ ወጡ ብዙ ሰው ስለሚበላው አያድርም። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ከአፍጥር በኋላ ግን መንገዱ በሳምቡሳና በሾርባ ሽታ ይሞላል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ የሚሄደው ሕዝብ በደሴ በኩል ስለሚያልፍ በዚያ ሰሞን አልጋ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ይቸገራል።

አሁን ወደ ሙዚቃው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አራቱ ዋና ቅኝቶች ናቸው፤ ባቲና አምባሰል የዚህ አገር ቦታዎች ስም ናቸው። አዝማሪ ቤት ገብቶ ዘፈን በርዕሱ ከማዘዝ ቅኝቱን ማዘዝ ይበልጣል። አዝማሪው ሰውነቱ የሚፈታው ያኔ ነው፤ ግጥሙን እናንተን እያየ ያወጣል። ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አትሂዱ፤ ቤቱ አይሞቅም። ሽልማቱን ትንንሽ ብር አድርጋችሁ ያዙ፤ አንዴ ትልቅ ከመሸለም በየመሃሉ ጥቂት ጥቂት መስጠት ግጥሙን ያረዝመዋል። ‹‹ተቀበል›› ብላችሁ ስንኝ ስትሰጡት አጭርና ቤት የሚመታ ይሁን፤ ረጅም ከሆነ በመሃል ይረሳዋል። ስለ ሃይማኖትና ስለ ብሔር ስንኝ አታቀብሉ፤ የሰው ጨዋታ ታበላሻላችሁ።

ክራር ካለ ትዕዛዛችሁ ቅደም ተከተል ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ይህን ብዙ አድማጭ አያውቀውም። ክራር ባብዛኛው ስድስት ክር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው አንዱን ድምፅ በከፍታ ይደግማል። ቅኝት በተለወጠ ቁጥር ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። መነሻውን ‹‹ዶ›› ካልነው፣ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ማይነር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት (በግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። አንቺ ሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሜጀር ባቲ ደግሞ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ።

እንግዲህ አስሉት። ከማይነር ትዝታ ወደ አምባሰል ለመሻገር የሚነኩት ሁለት ክሮች ብቻ ናቸው፤ ከአምባሰል ወደ አንቺ ሆዬም እንዲሁ ሁለት። ከሜጀር ትዝታ በቀጥታ ወደ አምባሰል ወይም ወደ ባቲ ከዘለላችሁ ግን ሦስት ክር ይለወጣል። አሁን የተጠበቀ ወይም የላላ ክር ወዲያው አይረጋም፤ ጥቂት እስኪመታ ድረስ ይንሸራተታል፤ የመጀመሪያው ዘፈን ትንሽ የሚዛነፈው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማይነር ትዝታ፣ ቀጥሎ አምባሰል፣ ቀጥሎ አንቺ ሆዬ፤ በአንዱ ቅኝትም ሁለት ሦስት ዘፈን አስቆዩት። ኪቦርድ ባለበት ቤት ይህ ሁሉ አያስጨንቅም፤ ግን ክራርና ማሲንቆ ያለበትን ቤት ፈልጉ። የሆቴል አዳራሽ ድምፅ ማጉያ የማሲንቆውን የፀጉር ክር ጩኸት ያደርገዋል፤ ማሲንቆ የሚሰማው በሦስት ሜትር ርቀት፣ ያለ ማይክ ነው።

ጆሮ ያልለመደ ሰው አምባሰልን እንዴት ይለያል? ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለችው ግማሽ እርምጃ ናት የምታስታውቀው፤ ዜማው ወደ ቤቱ ሲመለስ እሷን ተጠግቶ ይወርዳል። ከመምጣታችሁ በፊት ማሪቱ ለገሰ አምባሰል ስትጫወት ደጋግማችሁ ስሙ፤ ከዚያ በኋላ የትም ብትሰሙት አትስቱትም። አንቺ ሆዬ ላይ መጀመሪያ የሚደናገር ብዙ ነው፤ ሶሉ ዝቅ ስላለ ጆሮ የጠበቀውን አያገኝም። እሱን ለሌሊቱ መጨረሻ አቆዩት።

መንዙማ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ አዝማሪ ቤት አይታዘዝም። በዱዓና በሐድራ፣ በይበልጥም በመውሊድ ሰሞን፣ በድቤና በጭብጨባ የሚባል ውዳሴ ነው። ከተጋበዛችሁ ጫማችሁን አውልቁ፣ የወንዱንና የሴቱን መቀመጫ ጠብቁ፣ ሳታስፈቅዱ ስልክ አታውጡ።

እሁድ ጠዋት የቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪፈላ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በአቦል ተነስቶ መሄድ አያምርም። መኪና የሚይዝ ሰው ቀድሞ ለእናትየዋ ይናገር፤ ‹‹አብሽር፣ በረካውን አደርስልሃለሁ›› ብለው ያፋጥኑለታል። ጤና አዳም የማትወዱ ከሆነ ስኒው ከመቀዳቱ በፊት ነው የሚነገረው። ከዚያ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ሄዳችሁ እዩ፤ የወሎ ግብዣ ምን ያህል እንደነበር መጠኑ ይነግራችኋል። ከሰዓት በኋላ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ እደሩ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ እዚህ የምትመጡት ለሙቀቱና ለሰኞ ጠዋት ቅርበቷ ነው።

ከኮምቦልቻ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነሱ። ገበያው ከ3 ሰዓት ጀምሮ ይሞላል፤ ከ7 ሰዓት በኋላ ሩቅ አገር ያለው መመለስ ስለሚጀምር ይሳሳል። ከብቱ፣ ግመሉና ፍየሉ ለብቻ፣ እህሉ፣ ቅመሙና ልብሱ ለብቻ ነው። መጀመሪያ ወደ ግመሉ ተራ ሂዱ፤ ፀሐዩ ሳይከር። ከግመል ኋላ አትቁሙ። የአፋር እረኛ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ምልክትም ቢሆን ይጠየቅ፤ እምቢ ካለ ይበቃል።

የግመል ወተት ብታገኙ ማለቢያው በጭስ የታጠነ ስለሆነ የጭስ ሽታ አለው፤ ነውር አይደለም፣ ጣዕሙ ነው። የፈላ ጠይቁ፤ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ ሊያስይዝ ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ሰው አንድ ብርጭቆ ይብቃው፤ ከዚያ በላይ ሆድ ያስኬዳል፣ ፊታችሁ ደግሞ ረጅም መንገድ አለ። ማር ብርዝ አድርገው የሚሸጡ ካሉ የዛሬ መሆኑን አጣሩ፤ በዚያ ሙቀት የትናንቱ መፍላት ጀምሯል፤ አልኮል ለማይጠጣ ሰው አይሆንም።

ለመልስ መንገድ ጭኮ አሠርታችሁ ያዙ። ለ1 ኪሎ ተቆልቶ ለተፈጨ የገብስ ዱቄት ግማሽ ኪሎ ያህል በቅመም የተነጠረ ቅቤና ጨው ይበቃል፤ በእጅ ታሽቶ ሲጨበጥ ቅርጹን መያዝ አለበት። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በቅቤው ነው፤ ሳይነጠር የቀረ ቅቤ ውሃ ስላለበት በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ ይሻግታል። በደንብ ከነጠረ ደረቅ ዕቃ ውስጥ ተከድኖ ሳምንታት ይቆያል። ዱቄቱ ትኩስ እያለ ቅቤ አታፍስሱበት፤ ይጓጉላል። ከባቲ በ8 ሰዓት የወጣ ሰው ኮምቦልቻ በጊዜ ይደርሳል፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ግን የሚነሳው ማክሰኞ ንጋት ላይ ነውና፣ ሰኞ ማታ ቤቱ መግባት የሚፈልግ የኮምቦልቻን በረራ ሰዓት አይቶ ትኬቱን አስቀድሞ ይቁረጥ።