ጭቃው ገና አልታጠበም

ዛሬ ከሥራ ቀረሁ። አልታመምኩም። ጠዋት መስኮት ስከፍት ከተማውን ጉም ውጦታል፤ መውጣት አስጠላኝ፣ በቃ። በሩ ጋ ጫማዬ ተቀምጧል። የአንኮበር ጭቃ ደርቆበታል። ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሊሆነን ነው። እህቴ ባለፈች ቁጥር "ይሄን ነገር አታጥበውም?" ትለኛለች። ማስታወሻ ነው እላታለሁ።

የወጣነው የድሮዎቹ የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበትን ጉብታ ነው፤ በፎቶ ሰውን ሁሉ አሰልችቻለሁ። ከጥንቱ የተረፈው የግንብ ቁራጭ ነው። እዚያው ላይ የድሮውን ቤተ መንግሥት አስመስለው የሠሩት ሎጅ አለ። ዳገቱ ይህን ያህል ረጅም አይደለም። እኔ ግን "እስቲ አገሩን ልይ" እያልኩ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ። ጉም ስለነበር የሚታይ አገር አልነበረም። (በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ እዚህ አገር ብቻ ያለች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ፈረንጆች እሷን ፍለጋ ይመጣሉ። እኔ ያየሁት ቁራ ነው።)

ሦስተኛው ላይ ቆሜ ስተነፍስ አንዲት እናት ሙሉ ጄሪካን በጀርባቸው አዝለው አለፉኝ። "አይዞህ ልጄ፣ ደርሰሃል" አሉኝ። ትንፋሻቸው እንኳን አልተቆራረጠም።

ከዚያ ወዲህ ይኸው ሐሳብ አልለቀቀኝም። ያኔ ያን ሁሉ ነገር ማን ነው ያወጣው? ውሃው፣ እንጨቱ፣ የግብሩ ጠጅ። ካፒቴን ሃሪስ የሚባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1834 ዓ.ም. ከሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራርሟል። ለንጉሡ ያመጣው ስጦታ መድፍና ጠመንጃ ነበር። ከታጁራ ወደብ ጀምሮ በረሃውን ግመል ተሸከመው። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግመል በቃው። ከዚያ ወዲያ የሰው ትከሻ ነው።

ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው መጥተው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። ቆይተው ወደ እንጦጦ ሄዱ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍልውሃው ወረዱ። አዲስ አበባ በ1879 ተቆረቆረች፤ አንኮበርም ቀረች። እዚህ ላይ ሲደርስ ተራኪው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል። አሳዛኝ ነው፣ ከተማዋ ተረሳች፣ ምናምን።

ለማን ነው የሚያሳዝነው? መኳንንቱ ርስት አላቸው፣ ይዘኑ። ያቺ ግን በየቀኑ እንስራ አዝላ ጉብታውን ስትወጣ የኖረችው፣ ጓዝ መጫኑን ያየች ዕለት በሆዷ እልል ያለች ይመስለኛል። "ሂዱልኝ" ብላ። ወይስ እሷንም አስከትለዋት ሄዱ? እንጦጦም እኮ ዳገት ነው። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ዛሬም እናያቸዋለን። እኛ ደግሞ በዚያው መንገድ ለጤናችን ሽቅብ እንሮጣለን።

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለአንዲት ጓደኛዬ በስልክ ተነተንኩላት። በጣም ተመስጬ ነበር። ትከሻ፣ እንስራ፣ ዝም የተባሉ ሰዎች። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ያንተን ቦርሳ ማን ነበር የተሸከመው?" አለችኝ።

ልጅ ነው። ከታች ተከትሎን የመጣ ልጅ። አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። "ጋሼ ልያዝልህ" አለኝ፣ ሰጠሁት። ከእኔ ቀድሞ ደረሰ። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ሁለት ላስቲክ ውሃ፣ ቻርጀርና ሳልገልጠው የተመለስኩት ወፍራም መጽሐፍ ነው።

ስሙን አልጠየቅኩትም። ሃምሳ ብር የሰጠሁት ይመስለኛል። ወይስ ሠላሳ?