ዘይት ላይ የሚሳል ቴሌቪዥን

ሰሞኑን አንድ የድሮ ማሽን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። አይዶፎር ይባላል። ቴሌቪዥንን በሲኒማ ቤት ስክሪን ስፋት ለማሳየት የታሰበ ነው። ሐሳቡ የፈለቀው በ1939 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ዙሪክ ውስጥ፣ ፍሪትዝ ፊሸር ከተባለ ፕሮፌሰር ነው።

ከእሱ በፊትም ብዙ ተሞክሯል። የቴሌቪዥን ፈልሳፊው ጆን ሎጊ ቤርድ በ1930 ለንደን ኮሊሲየም ውስጥ 2,100 ትንንሽ አምፖሎች ደርድሮ ባለ 30 መስመር ምስል አሳይቷል። የሰው ፊት መሆኑ ከታወቀም ትልቅ ነገር ነው! አሜሪካኖቹ በኋላ በጉልበት ሄዱበት። የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያው አርሲኤ የምስል ቱቦው (ኤሌክትሮን ተረጭቶ ምስል የሚያበራበት የድሮ ቴሌቪዥን ብርጭቆ) ላይ 80,000 ቮልት ለቀቀበት። የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ደግሞ የቴሌቪዥኑን ምስል ፊልም ላይ ቀርጾ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ አጥቦ፣ በተለመደው ፕሮጀክተር ያሳይ ነበር። ጉድ ነው መቼም።

ፊሸር ግን ነገሩን ከሥሩ አየው። ቱቦው ምስልም ይስላል፣ ብርሃንም ያመነጫል። ሁለቱን ለያያቸው። ብርሃኑን ለኃይለኛ አርክ መብራት ሰጠው። የኤሌክትሮን ጨረሩ ምስሉን የሚስለው ቀስ ብሎ በሚዞር መስታወት ላይ በተቀባ ስስ ዘይት ላይ ነው። ዘይቱ ለጥ ባለበት ቦታ ብርሃኑን በመንገዱ ላይ የተደረደሩ ዘንጎች ያግዱታል፤ ስክሪኑ ይጨልማል። ኤሌክትሮኑ ባጨማደደው ቦታ ግን ብርሃኑ ይታጠፍና በዘንጎቹ መሃል ያመልጣል። ቀጣዩ ምስል ሳይደርስም ዘይቱ ተመልሶ መተኛት አለበት። ይህን ያሰበ ጭንቅላት!

ዛሬ ዲኤስቲቪ ቤት ኳስ የምናይበት ፕሮጀክተርም ያው ነው፤ መብራቱ ሌላ፣ ምስል ሠሪው ሌላ።

የመጀመሪያው ማሽን በ1943 መጨረሻ ታየ። ፊሸር በ1947 ሲሞት ባልደረቦቹ ቀጠሉበት። አሜሪካ ውስጥ የቤት ቴሌቪዥን ሲኒማ ቤቶችን ባዶ ሲያስቀር፣ የፊልም ኩባንያው የትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ኃላፊ ስፓይሮስ ስኩራስ ዓይኑን ጣለበት። ምክንያት ነበረው። በሰኔ 1951 የጆ ሉዊስና የሊ ሳቮልድ ቦክስ በቤት ቴሌቪዥን ሳይተላለፍ በሲኒማ ቤቶች ብቻ ታይቶ ሕዝቡ ጎርፎ ነበር። በ1952 አይዶፎር ኒውዮርክ ላይ ባለቀለም ምስል አሳየ።

ሲኒማ ቤቶቹ ግን አልገዙትም። እኔም ብሆን አልገዛም ነበር። ማሽኑ ግዙፍ ነው፣ ውድ ነው፣ የዘይቱ ትነት ካቶዱን (ኤሌክትሮን የሚተፋውን ክፍል) እየበላው ሁሌ ባለሙያ ይፈልጋል። ለቦክስ ምሽት ብሎ ይህን ሁሉ ማን ይሸከማል? የተሸከመው ናሳ ነው፤ በአፖሎ የጨረቃ ጉዞዎች ዘመን የሂውስተን መቆጣጠሪያ ክፍል ትልልቅ ስክሪኖች ላይ ምስል የሚረጨው አይዶፎር ነበር።