የአያቶቻችሁን ጋቢ ላውንደሪ አትስጡ

አያቴ ስታርፍ ለእኛ የደረሰን አንድ ሳጥን ልብስ ነው። በእጇ የፈተለችው ጋቢ፣ ነጠላዎች፣ ለእናቴ ሠርግ የተጠለፈ ቀሚስ። ሁሉም በፌስታል ተጠቅልሎ ናፍታሊን ታጭቆበት ነበር። ፌስታሉን አወጣሁ፣ ናፍታሊኑን ጣልኩ፣ ልብሱን ጥላ ላይ አናፈስኩ። እስከዚህ ቀላል ነው።

ጋቢው ግን ቢጫ ነጠብጣብ አውጥቷል። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ያረጀ ፈትል ደግሞ በገዛ ክብደቱ ይተረተራል። «ለባለሙያ ስጪው» አሉኝ፣ ሰፈራችን ያለ ላውንደሪ ወሰድኩት። አያቴ የፈተለችው መሆኑን ነገርኳቸው። በረኪና እንዳይነካው ደጋግሜ አሳሰብኩ። ልጅቷ ስልኳን እየነካካች «እሺ፣ ችግር የለም» ትለኛለች። ደረሰኙ ላይ ጻፊልኝ ብላት «እናውቀዋለን» አለች።

ስመለስ ጋቢው ወረቀት መስሎ ጠበቀኝ። የበረኪናው ሽታ ከበር ይቀበላል። ቀዩ ጥለት ሮዝ ሆኗል። ቤት ወስጄ ስዘረጋው ጫፉ በጣቴ ተቀደደ። በረኪና እድፉን ብቻ አይደለም የሚበላው፣ ጥጡንም ይበላል። በደንብ ካልተለቀለቀ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ሆኖም መብላቱን ይቀጥላል።

ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ። ደረሰኙን ገልብጦ «ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊነት አንወስድም» የምትል ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ። ከዚያ «እህቴ፣ ለአንድ ጋቢ እንዲህ ይኮናል? ሽሮ ሜዳ ሞልቶ የለ!» አለኝ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የማጠቢያውን ሂሳብ መለሰልኝ፣ እሱም ቫቱ ተቀንሶ!

የቀረውን ራሴ ያዝኩት። መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ጥለቱና ጥልፉ ላይ ጫን አደረግኩ። የቀሚሱ ጥልፍ ቀለም ስለለቀቀ ውሃ አላስነካሁትም፣ አቧራውን ብቻ አራገፍኩ። ነጠላዎቹን በአንሶላ ደግፌ በቀዝቃዛ ውሃና በእንዶድ አጠብኩ። ሳልጨምቅ ጥላ ላይ ዘረጋሁ። (የእንዶዱን እጣቢ ወንዝ ውስጥ እንዳትደፉ። የቢልሃርዚያ ተመራማሪው ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ያስተዋሉት ይህንኑ ነው፤ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ዓሣንም አይምርም።)

ለማስቀመጫ አሲድ የሌለው ልዩ ወረቀት ተጠቀሙ ይባላል። ከየት አምጥተን? እኔ የታጠበ አቡጀዲ ነው የጠቀለልኩበት። ሳጥኑ እንጨት ከሆነ ውስጡንም በአቡጀዲ ልበጡት፤ እንጨት ውሎ አድሮ ጥጥን ቢጫ ያደርጋል። ፌስታል በፍጹም! ክረምት ላይ እርጥበት አፍኖ ሻጋታ ያመጣል። መስከረም ሲጠባ አውጥቼ አናፍሳለሁ፣ እጥፋቱንም እቀይራለሁ። ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደጠለፈው በእርሳስ ጽፌ አብሬ አስቀምጫለሁ። ስም ከልብስ ቀድሞ ነው የሚጠፋው።

የሙዚየም ሰዎች «አትልበሱት» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ተብሎ የለ? ለብሳው የማታውቅ ልጅ ነገ ከነሳጥኑ ትሸጠዋለች። ልጄ ባለፈው ጥምቀት የእናቴን ቀሚስ ለብሳ፣ የአያቴን ነጠላ ደርባ ወጣች። ማታ ነጠላው ጫፍ ላይ ቡና ፈሰሰበት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ስናደርግበት ለቀቀ። እህቴ ግን እስካሁን እንዳኮረፈች ናት።