መኪናዬን ዘግታብኝ የቆመችው እህቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እንደምን ናችሁ እህት ወንድሞቼ። ይሄን ምስክርነት መጻፍ የነበረብኝ ድሮ ነው። ስለቴ ሁለት ነገር ነበረው፣ አንዱ ጥላ ማስገባት አንዱ ደግሞ መመስከር፣ ጥላውን በጊዜው አስገባሁ ምስክርነቱን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ፣ ምክንያቱም ታሪኩን ልናገር ካልኩ የራሴንም ጉድ መናገር አለብኝ። ይኸው እግዚአብሔር ፈቅዶ ጀመርኩት፣ በስልክ ስለሆነ የምጽፈው የፊደል ስህተት ካለ ይቅርታ።

ነገሩ የሆነው ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ዓ.ም ነው፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 26 2015፣ ቅዳሜ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ የምትባል ከተማ ውስጥ። የፈረንጆቹ ገና ባለፈ በማግስቱ ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። 16 ስለሆነ የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራችን ነበረ፣ በየወሩ ተራ እየተረካከብን በየቤታችን የምንጠጣው። የዛን ቀን ተራው የደረሳት እህት ቤት ነው የተሰበሰብነው።

ቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ደስ አይልም ነበር። በታኅሣሥ ወር ሰው ቲሸርት ለብሶ እየሄደ፣ ሙቀቱ ወፍራም፣ እርጥብ፣ የግንቦት ዓይነት። ስልካችን ሁለት ሦስቴ የአየር ሁኔታ ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረው። ቴክሳስ የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ብንደበቅ ኖሮ ሥራ የሚባል ነገር አይኖረንም ነበር። ደግሞ ቶርኔዶ፣ ያ የሚሽከረከረው አውሎ ነፋስ፣ የጸደይ ነገር ነው እንጂ ማን በገና ሰሞን ይጠብቀዋል።

እኔ ያኔ የማታ ሺፍት ነው የምሠራው፣ ሮክዎል ያለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት። ከምሽቱ 1 ሰዓት እገባለሁ። መንገዴ ሁሌ አንድ ነው፣ ሃይዌይ 30 ይዤ፣ የጆርጅ ቡሽ ተርንፓይክ ከሚገናኝበት ድልድይ ስር አልፌ፣ የሬይ ሃባርድ ሐይቅን ተሻግሬ፣ ደረስኩ። በዛ ወር ሁለቴ አርፍጄ ተጽፎብኛል፣ ሦስተኛው ምን እንደሚሆን አልነገሩኝም ግን ይገባኛል። ስለዚህ ዓይኔ ከሰዓቱ ላይ አልተነሳም። ዳቦው ተቆርሶ፣ ሽሮውም ምስሩም ተበልቶ፣ ቡናውም ቶናው ላይ ደርሶ፣ 12፡20 ሲል ቦርሳዬን ይዤ ውልቅ ልል ነው። ወጥቼ ሳይ መኪናዬ ተዘግቷል። ድራይቭ ዌዩ ላይ እኔ ከፊት፣ አንዲት እህት ዘግይታ መጥታ ልክ ከኋላዬ አቁማለች፣ በግራ የባለቤቶቹ መኪና፣ በቀኝ አጥር። መውጫ የለም።

ተመልሼ ገባሁ። እነሱ ለመዝጊያው ጸሎት ቆመዋል፣ እግዚኦታ ላይ ናቸው፣ አርባ አንዱን በጣታቸው እየቆጠሩ። ቁልፌን ከፍ አድርጌ አሳየኋት፣ እሷ መዳፏን አነሳችልኝ፣ ቆይ ማለቷ ነው። ስንተኛው ላይ እንደሆኑ ባላውቅም የዛን ቀን አርባ አንዱ አራት መቶ መሰለኝ። እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ እየተባለ እኔ በሆዴ እሷን እየሰደብኩ። ይሄ ነው ጉዴ። ጸሎቱ እንዳለቀ አሜን እንኳን ሳልል «ሰው መኪናውን ሲያቆም ጭንቅላቱንም ያቆማል እንዴ?» አልኳት፣ በሁሉም ፊት፣ በታላቄ በምትሆን ሴት ላይ። ቤቱ ጸጥ አለ። እሷ አልመለሰችልኝም፣ «ይቅርታ የኔ እናት፣ አሁን አመጣዋለሁ» ብላ ወደ መኝታ ቤት ሮጠች፣ የሁላችንም ቦርሳና ነጠላ አልጋው ላይ ነዋ የተከመረው፣ የእኔም ቦርሳ ይዤው እስክወጣ ድረስ ከጠዋት ጀምሮ እዛው ነበር።

ቁልፉ ጠፋ። ነጠላ ተራገፈ፣ ፍራሽ ተነሳ፣ አልጋ ስር በስልክ መብራት ታየ፣ የለም። ሰዓቱ 12፡35 ሆነ፣ 12፡40 ሆነ። እኔ ሳሎን ቆሜ ለሱፐርቫይዘሬ ምን ብዬ እንደምደውል አስባለሁ፣ እንባዬ መጥቷል በንዴት። እዛ ላይ ነው የከተማው የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሳይረን የጮኸው።

የዛ ሳይረን ድምፅ በየወሩ ለሙከራ ሲጮህ እንሰማዋለን፣ ቀን ቀን ነው ግን። በጨለማ ሲሆን ሌላ ነው። ከሱ ጋር የሁላችንም ስልክ አንድ ላይ መጮህ ጀመረ፣ አስራ አንድ ሰው ነን፣ ሰባት ሴቶችና አራት ልጆች፣ የቤቱን አባወራ ሳልቆጥር ማለት ነው፣ እሱማ ጋራዡን ከፍቶ ሰማዩን ቪዲዮ እየቀረጸ ነው፣ ወንድ መቼም። ሚስቱ በስሙ እየጠራች አምባረቀችበት። እዚህ ቴክሳስ ያለው ቤት አብዛኛው ምድር ቤት የለውም፣ ስለዚህ መስኮት የሌለበት ቦታ ፈልጉ ነው የሚባለው፣ ያገኘነው ደረጃው ስር ያለችውን ክሎዜት ነው። ቫኪዩም አለ፣ የዳይፐር ካርቶን አለ፣ ከአገር ቤት የመጣ የበርበሬ ማዳበሪያ አለ። ሁላችንም እዛች ውስጥ ተጠቀጠቅን። በርበሬው ተከፍቷል መሰለኝ ልጆቹ ማስነጠስ ጀመሩ፣ ከዛ እኛም። ሞት በር ላይ ቆሞ አስራ ምናምን ሰው ሲያስነጥስ አስቡት።

ከዛ መብራት ጠፋ።

ድምፁን ሁሉም ሰው እንደ ባቡር ነው ይላል። እኔ የተሰማኝ ወፍጮ ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ጋ እህል አስፈጭተን ስንመለስ፣ እህሉ አልቆ ድንጋዩ ባዶውን ሲዞር የሚያሰማው ነገር አለ አይደል፣ መሬቱን በእግርህ ውስጥ የሚያንቀጠቅጠው፣ እሱ ነው፣ ግን ሰማይ የሚያክል። ጆሯችን ድፍን አለ አውሮፕላን ላይ እንደሚሆነው። ከላይ የሆነ ነገር ሲቀደድ ይሰማል፣ ጨርቅ አይደለም ግን እንደ ጨርቅ።

እኛ እናቶቹ ቆመን ተቃቅፈን እንጮሃለን። አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ናት «ኖ! ኖ! እንደዚህ ነው!» ብላ ጎንበስ ያለችው፣ ስኩል ያስለመዷቸው ድሪል አለ፣ ተንበርክኮ፣ ግንባርን መሬት አስነክቶ፣ በሁለት እጅ ማጅራትን መሸፈን። «ዳውን! ማሚ ዳውን!» አለች። ሁላችንም ወረድን። እኔ እንግዲህ ግንባሬ ምንጣፉን ሲነካ ነው የገባኝ፣ ይሄ እኮ ስግደት ነው። ያን ቀን ሙሉ ማኅበር ላይ ውዬ አልሰገድኩም ነበር፣ ሰዓት ነበር የማየው፣ ሕፃን ልጅ ናት ያሰገደችኝ።

መጸለይ ሞከርኩ። እውነቱን ልናገር፣ አቡነ ዘበሰማያት ጠፋብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቀን ስንቴ የምለው ጸሎት መሃሉ ላይ ሲደርስ ባዶ ሆነ። የመጣልኝ ምስጋና ሳይሆን ንዴት ነው፣ ጌታ በታንኳዋ ላይ ተኝቶ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ ስንጠፋ ግድ አይልህም ወይ እንዳሉት፣ እኔም እሱን ነው ያልኩት፣ በልጅነቴ ወንጌሉ ሲነበብ ምን ያሉ ደፋሮች ናቸው ብዬ ነበር፣ ደፋር አልነበሩም ለካ። ከዛ «እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት ቀንሽ ነው ዛሬ» አልኩ። «ልጆቼን እንዳያቸው ካደረግሽኝ ለየካቲት ጥላ አስገባለሁ፣ ተአምርሽንም እመሰክራለሁ።» አጠገቤ ያቺ ያዋረድኳት እህት ናት፣ እጇ የራሷን ማጅራት ትቶ የእኔን ሸፍኗል። በሷ እጅና በማጅራቴ መሃል ላብ እንደነበረ ዛሬም ይሰማኛል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ትላለች፣ እኛ እንቀበላለን። ስንት ጊዜ እንዳልነው ማንም አልቆጠረም።

ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው፣ ምናልባት ሁለት። ከዛ ወፍጮው እየራቀ ሄደ፣ ዝናብ ብቻ ቀረ።

ስንወጣ የሳሎኑ መስኮት የለም። ጣሪያው ግማሹ ሽፋኑ ተልጧል፣ አጥሩ የለም፣ ውጪ የጋዝ ሽታ አለ። መብረቅ ሲያበራ ዛፎቹ ላይ ሮዝ ጥጥ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም፣ የሰው ቤት ጣሪያ ውስጥ የሚደረገው ማሞቂያ ጥጥ ነው። ጥቂት ብሎክ ወረድ ብሎ ቤት አልነበረም፣ የቤት መሠረት ብቻ። ከእኛ ሰው አንድም የተጫረ የለም። ያቺ እህት መኪና የኋላ መስታወቷ ረግፏል፣ ከፊቷ የቆመችው የእኔ መኪና ምንም አልሆነችም። እሷ አየት አደረገችና «ተመስገን፣ ይሰበር» አለች፣ በቃ።

ሥራ ቦታ ደውዬ አልመጣም ስል ሱፐርቫይዘሬ «መንገድ ላይ አይደለሽም? መንገድ ላይ አይደለሽም?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ። ለምን እንደዛ እንደጠየቀችኝ ያወቅሁት ሌሊት ላይ ነው። አውሎ ነፋሱ በሰኒቬል በኩል 12፡45 አካባቢ ነው መሬት የነካው፣ ጋርላንድን አቋርጦ ወደ ሮውሌት ሄደ፣ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ። በኋላ የአየር ጠባይ ሰዎች ኢኤፍ 4 አሉት፣ ከ0 እስከ 5 በሚለኩት፣ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት እስከ 290 ኪሎ ሜትር። 10 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ነበሩ፣ የት መሰላችሁ፣ ሃይዌይ 30 ከጆርጅ ቡሽ የሚገናኝበት። መኪናዎቹን ከመንገዱ ላይ አንስቶ ነው የወረወራቸው። የእኔ መንገድ። የእኔ ሰዓት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ይሄን ታሪክ በቃል ስናገር «እግዚአብሔር ለአንቺ ዓላማ ስላለው ነው» የሚለኝ ሰው አለ፣ በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ ግን አሜን ማለት ያቅተኛል። እነዛስ? እነሱም እኮ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሥራቸው፣ ወደ ገና እራት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው፣ ምናልባት ከእኔ የተሻለ የጸለዩ። እኔ እኮ ያን ሰዓት ሰው እየሰደብኩ ነበር፣ በሥራ ከሆነማ መዳን አልነበረብኝም። ስለዚህ ለምን እንደዳንኩ አላውቅም፣ ማን እንዳዳነኝ ግን አውቃለሁ፣ እዛ ላይ ቆሜ አመሰግናለሁ፣ ከዛ አልፌ ልፈላሰፍ አልችልም።

ቁልፉስ አትሉም? በሦስተኛው ቀን ሥራ ገብቼ፣ ፈረንጇ አሮጊት የምትፈርምበት እስክሪብቶ ፈልጌ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስከት ቀዝቃዛ ነገር ነካኝ። የማላውቀው ቁልፍ፣ ትንሽ መስቀል የተንጠለጠለበት። አልጋው ላይ ስታስቀምጠው ክፍት ከነበረው ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ነው። ማለት ያን ሁሉ ጊዜ፣ እኔ ቦርሳዬን በትከሻዬ ይዤ በር ላይ እየተቁነጠነጥኩ፣ ሰዉ ሁሉ ፍራሽ እያነሳ፣ እሷ በእንባ ይቅርታ እያለችኝ፣ ቁልፉ እኔው ጋ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አልኩ። አሮጊቷ «አር ዩ ኦኬ ሃኒ» ትለኛለች፣ ምን ብዬ ላስረዳት።

ያኑለት ደወልኩላት። ስነግራት መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዛ መሳቅ ጀመረች፣ እየሳቀች አለቀሰች፣ እኔም። «ትርፍ ቁልፍ አለኝ፣ እሱን አንቺ ጋ አስቀምጪው» አለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ የጠየቅኋት ግን በጥር 16 ማኅበር ላይ ነው፣ በሁሉም ፊት የሰደብኳትን በሁሉም ፊት። የካቲት 16 ደግሞ ጥላዬን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ፣ ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ እስካሁን በንግሥ ይወጣል።

ያ መገናኛ ጋ ስደርስ እስከዛሬ ሬዲዮ እዘጋለሁ። አሥሩን አስባለሁ። የክርስትና ስማቸውን ስለማላውቅ «በመንገድ የነበሩትን» ነው የምለው፣ እሱ ያውቃቸዋል። ቁልፉ ከነመስቀሉ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። እሷም አሁን መኪና ቀይራለች፣ ማኅበር ስንመጣ ግን ባዶ ቦታ ቢኖር እንኳን ሆን ብላ ከኋላዬ ነው የምታቆመው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።