ዘይቱን ከመክፈቴ በፊት ፎቶግራፍ ባነሣሁት ኖሮ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የብሪታንያ ባሕር ኃይል በራሪዎች ያጠልቋቸው የነበሩትን የቆዳ ቆቦችና መነጽሮች መሰብሰብ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ለንደን ባለው ቤቴ ሰባት ቆብና አሥራ ሁለት መነጽር አለኝ። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ከሰባቱ አንዱ ነው፤ በገዛ እጄ ያበላሸሁት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ዛሬ የባለቤቱን ስም አውቀው ነበር።

ወዳጆቼ «አንቺን ከእንግሊዝ በራሪ ቆብ ጋር ምን አገናኘሽ?» ይሉኛል። ያገናኘኝ ምጽዋ ነው። አባቴ በወጣትነቱ በምጽዋ ወደብ ሠርቷል፤ ጣሊያኖች ከተማዋን ከማስረከባቸው በፊት ወደቡን ለመዝጋት የገዛ መርከቦቻቸውን እንዴት እንዳሰጠሙ ሲተርክልን ነው ያደግነው። ለንደን ከመጣሁ በኋላ ታሪኩን ከሌላው ወገን አነበብኩት። መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ኢግል ከተባለችው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ ፖርት ሱዳን የተዛወሩ ሶርድፊሽ አውሮፕላኖች፣ ናዛሪዮ ሳውሮና ዳኒኤሌ ማኒን የተባሉትን የጣሊያን የጦር መርከቦች ቀይ ባሕር ላይ አሰጠሙ። በአምስተኛው ቀን ምጽዋ ተያዘች። ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

ሶርድፊሽ ድርብ ክንፍ ያላት፣ በጨርቅ የተለበጠች፣ ጣራ የሌላት አውሮፕላን ነበረች። ሦስት ሰዎች ተከታትለው ይቀመጡባታል፤ አብራሪው ከፊት፣ ቃኚው ከመሀል፣ ሬዲዮና መትረየስ የሚይዘው ከኋላ። እርስ በርስ የሚነጋገሩት ከቆባቸው ጋር በተያያዘ የጎማ ቧንቧ ነበር። ነፋሱን፣ ብርዱንና የባሕሩን ጨው የሚከላከልላቸው ያ ቆብና ያ መነጽር ብቻ ነው። አንዱን በእጄ መያዝ ፈለግሁ፤ እንዲህ ተጀመረ።

እንዴት እንደሚገዛ ባጭሩ ልናገር። የባሕር ኃይሉ በራሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት በአየር ኃይሉ ዕቃ ስለሆነ «ባሕር ኃይል» የሚል ጽሑፍ አትፈልጉ። ቀደም ያለው ቢ ዓይነት ቆብ ጆሮው ላይ በዚፕ የሚከፈት ሞላላ ኪስ አለው። ከእ.ኤ.አ. 1941 ጀምሮ የመጣው ሲ ዓይነት ግን የማዳመጫው መያዣ ጥቁር ጎማ ነው። ዲ የሚባለው ለሞቃት አገር በጨርቅ የተሠራ ነው። ዘውድ ያለበትን ማኅተምና በ22ሲ የሚጀምረውን የዕቃ ግምጃ ቤት ቁጥር ፈልጉ። ከመነጽሮቹ ማርክ 8 በየገበያው ይገኛል፤ ማርክ 4 ውድ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም። መስታወቱ ንብብር ስለሆነ ከጠርዙ ቢጫ ሆኖ መላቀቅ መጀመሩን ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩ። ዛሬ ጦርነቱን በትርኢት ለሚያሳዩ ሰዎች የሚሠሩ ጥሩ ጥሩ ቅጂዎች አሉ፤ አንዳንዱ ሻጭ በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጎ ያስረጃቸዋል። እውነተኛ እርጅና ግን ላብ በሚነካው ቦታ ይበረታል፤ ግንባርና አገጭ ላይ። ሰው ሠራሹ በየቦታው እኩል ነው።

አሁን ወደ ቆቡ ልምጣ።

አንድ ቅዳሜ ከለንደን ወጣ ባለ የአሮጌ ወታደራዊ ዕቃዎች ገበያ ሲ ዓይነት ቆብ በ340 ፓውንድ ገዛሁ። ቆዳው ደርቆ ነበር፤ ጎማዎቹ ግን ደህና ነበሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ከውስጥ፣ ለስላሳው ገበር ላይ፣ ግንባር በሚነካው በኩል የነበረው ነው። በሰማያዊና በጥቁር መካከል ባለ ቀለም፣ በእጅ ጽሑፍ፣ ኤፍ ኤክስ የሚሉ ሁለት ፊደላት፣ ቁጥርና የአባት ስም ተጽፎ ነበር። ኤፍ ኤክስ በባሕር ኃይሉ የአየር ክፍል ያገለገሉ፣ መኮንን ያልሆኑ ባሕረኞች የአገልግሎት ቁጥር መነሻ ነው። ከነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከኋላ ተቀምጠው ሬዲዮና መትረየስ የሚይዙት ናቸው። ስማቸው በመጻሕፍት ውስጥ ከአብራሪዎቹ ስም በጣም ያነሰ ስለሚነሣ ሁልጊዜ የምፈልገው እነሱን ነበር። በመጨረሻ አንዱን አገኘሁት፤ እስከ ስሙ፣ እስከ ቁጥሩ።

ሻጩ ቆቡን በወረቀት እየጠቀለለ «ደርቋል፤ ዘይት ቀቢው፤ ይጠጣዋል» አለኝ። ከዚያው ጠረጴዛ ላይ «ለአሮጌ ቆዳ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ከከብት እግር አጥንት የሚወጣ ዘይት በቆርቆሮ ሸጠልኝ። ማታ ቤት ገብቼ አዲስ አበባ ላለው አባቴ ስልክ ደወልኩ። ስለ ቆቡ ስነግረው በጣም ደስ አለው። «ቅቢው እንጂ ልጄ፤ ቆዳ ያለ ቅባት ይሞታል» አለኝ። አያቴ ኮርቻውን በቅቤና በጉሎ ዘይት እያሸ እንዴት ለልጅ ልጅ እንዳቆየው ደግሞ አጫወተኝ። ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲነግረኝ ሦስተኛ አልጠየቅሁም።

ደብተሬ እዚያው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ስልኬም በእጄ። ስሙን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ፣ ፎቶግራፍ ለማንሣት ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይበቃኝ ነበር። ግን መብራቱ ደካማ ስለሆነ ነገ በቀን ብርሃን አሳምሬ አነሣዋለሁ ብዬ ተውኩት። ይህን ውሳኔ እስከ ዛሬ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ሁለት ጊዜ ቀባሁት። ቆዳው ጠቆረ፣ አበራ፣ በጣቴ ሥር ለሰለሰ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እሑድ ጠዋት ገልብጬ ውስጡን ሳየው ዘይቱ በቆዳው አልፎ ገበሩን አርሶታል። ጽሑፉ በነበረበት ቦታ መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ጥላ ተዘርግቷል። ከስሙ የመጀመሪያው ኤች የሚለው ፊደልና የመጨረሻው «ሰን» የሚል ድምፅ ያለው ክፍል ይታይ ነበር፤ ከቁጥሩ 7 እና 9። ያን ጊዜም ወዲያው ፎቶግራፍ ማንሣት ሲገባኝ ደንግጬ የበቆሎ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ ዘይቱን ይመጥልኛል ብዬ። ዱቄቱ ዘይቱን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም መጠጠው። እስከ ማታ የቀሩት ፊደላት እንኳ ጠፉ።

በሳምንቱ ለቆዳ ጥበቃ ባለሙያ አሳየሁ። ሴትየዋ ቆቡን ሳትነካው ለረጅም ጊዜ ተመለከተችውና «ዘይቱን በኬሚካል ማውጣት እችላለሁ፤ ነገር ግን የቀረውንም ቀለም ይዞ ይወጣል» አለችኝ። በኢንፍራሬድ ካሜራ አነሣችልኝ። ጽሑፉ ካርቦን ባለበት ቀለም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በዚያ ብርሃን ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር። የኔው ግን ማቅለሚያው በዘይት የሚሟሟ ዓይነት ስለነበረ ሥዕሉ ላይ የታየው ባዶ ገበር ነው። ያን ባዶ ሥዕል አትሜ አስቀምጬዋለሁ።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። በሦስተኛው ወር የጆሮው ጎማ አብጦ መጣበቅ ጀመረ፤ ዘይት የተፈጥሮ ጎማን እንደሚያሳብጥ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ዓመት ሳይሞላ ተጭነው የሚዘጉት የነሐስ ቁልፎች ዙሪያቸውን ሰም የመሰለ አረንጓዴ ነገር አወጡ፤ ዘይቱ ከብረቱ ውስጥ ካለው መዳብ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ነው። አሁን በየስድስት ወሩ በጥርስ መፋቂያ እንጨት እጠርገዋለሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። አብረቅርቆ የነበረው ቆዳም አቧራ እየሳበ ከቀድሞው ይልቅ ደረቀ።

በቆርቆሮው ላይ የጻፈው ድርጅት ያናድደኛል፤ ሻጩም ያናድደኛል፤ ሁለቱም ቃላቸውን በልበ ሙሉነት ነው የሸጡልኝ። በአባቴ ግን ልቆጣ አልችልም። ስለ ኮርቻው የተናገረው ልክ ነበር። ኮርቻ በየቀኑ ይሠራል፣ ይታጠፋል፣ ይለበሳል፣ ፀሐይና ዝናብ ይመታዋል፤ የጠጣውን ቅቤ በሥራ ይጨርሰዋል። ሰማንያ ዓመት የተቀመጠ ቆብ ግን አይሠራም። የጠጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ይህን ልዩነት ማየት የነበረብኝ ቆቡ በእጄ ላይ የነበረው እኔ ነኝ። ለአባቴ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ስለዚህ ማንም ምንም ቢላችሁ ዘይት አትቀቡ። ደርቆ ከሆነ ደርቆ ይኑር። ዕቃው እጃችሁ በገባ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ሳትጠርጉት፣ ውጩንም ውስጡንም ፎቶግራፍ አንሡ፤ መብራቱን ከጎን አድርጋችሁ ደግማችሁ አንሡ፤ የሚነበበውን ፊደል ሁሉ በእጃችሁ ጻፉ። ውስጡን አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ሞልታችሁ ቅርጹን ያዙለት። በሰው ጭንቅላት ቅርጽ የተሠራ ማሳያ ላይ አታጥልቁት፤ ስፌቱን ይወጥረዋል። ብዙ መመሪያዎች የጥጥ ጓንት አድርጉ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። የጥጥ ጓንት ክር ላይ ይያዛል፣ ጣትንም ያደነዝዛል። እኔ እጄን ታጥቤ በደንብ አድርቄ ነው የምይዘው፤ ነሐሱን ስነካ ብቻ ስስ የላስቲክ ጓንት አጠልቃለሁ። የአየር እርጥበት መቆጣጠሪያ መሣሪያም ግዙ ይባላል። ገንዘባችሁን አታባክኑ፤ እናንተ የምትተኙበት ክፍል ለቆዳም ይስማማዋል። ከጣራ ሥር ያለ ክፍል፣ ምድር ቤትና የማሞቂያ አጠገብ ግን ይገድሉታል።

ሰውየውን መፈለግ አላቆምኩም። የአገልግሎት መዛግብት ለሚጠብቅ አንድ መሥሪያ ቤት ያለኝን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍኩ፤ ሁለት አኃዝ፣ አንድ ፊደል፣ የስም መጨረሻ። ከአምስት ወር በኋላ ሙሉ ስምና ሙሉ ቁጥር ካልቀረበ ፍለጋ አይደረግም የሚል የሁለት መስመር መልስ ደረሰኝ። ያን መልስ በመጀመሪያው ሳምንት ሊሰጡኝ ይችሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጋቢት 25 በሚውልበት ሳምንት አንድ ቀን ሥራ አልገባም።

ባለፈው ዓመት በባቡርና በአውቶቡስ ሊ ኦን ዘ ሶለንት ወደምትባል የደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ሄድኩ። እዚያ ባሕሩ ዳር፣ መቃብራቸው የማይታወቅ ወደ 2,000 የሚጠጉ የባሕር ኃይል አየር ክፍል ሰዎች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። ሰውየው በጦርነቱ ይሙት ወይም ተርፎ ልጆች ያሳድግ አላውቅም። ምናልባት ልጁ ቤት ሲያጸዳ ነው ቆቡን የሸጠው። ቢሆንም ከመጀመሪያው ሰሌዳ ጀምሬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። በኤች ጀምሮ በ«ሰን» የሚያበቃ ስም ከአንድ በላይ ነው። ነፋሱ ኃይለኛ ስለነበር ደብተሬን በጉልበቴ ይዤ እያንዳንዱን ጻፍኩ፤ ፎቶግራፍም አነሣሁ፤ መብራቱ ከጎን እንዲመጣ ፀሐይዋ እስክታዘነብል ጠብቄ ደግሜ አነሣሁ።