ያደረው ስጎ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት በምግብ አብሳይነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር የፓስታ ስጎ ማዘጋጀት የእኔ ኃላፊነት ሆነ። ወትሮ ጠዋት ጠዋት እሠራው የነበረውን ስጎ አንድ ቀን ሙቀቱን ሽሽት ማታ ሠራሁትና፣ ሲበርድ ከነአሉሚኒየም ድስቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቼው ሄድኩ። ማታ ስቀምሰው ምንም እንከን አልነበረበትም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ግን ሁለት ሳህን ፓስታ ሳይበላ ተመለሰ፤ አንደኛው ደንበኛ በትሕትና «ሳንቲም የላስኩ ያህል ነው» አሉኝ። ብቀምሰው እውነታቸውን ነበር።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ውሃውን ነው፤ ድሬዳዋ የኖረ ሁሉ በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋልና። ቀጥሎ ቲማቲሙን ጠረጠርኩ፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም በዚያው ቀን ቀፊራ ገበያ ሄጄ ሁልጊዜ የምገዛቸውን እናት በሰው ፊት ወቀስኳቸው። እሳቸውም ሳይቆጡ ከዚያው ሣጥን አንድ ኪሎ ቲማቲም ሰፍረው፣ «እንግዲያው ቤትሽ ወስደሽ ሞክሪው፣ ልጄ» ብለው ያለ ገንዘብ ሰጡኝ።

ቤቴ ገብቼ በዚያው በከተማው ውሃ ሠራሁት። ቲማቲሞቹን ጫፋቸው ላይ በቢላ ጫር አድርጌ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል በፈላ ውሃ ካቆየኋቸው በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስከታቸው ልጣጫቸው በጣት ተላቀቀ። አንድ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ በሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሳይጠቁር አቁላላሁና ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩበት፤ ከዚያም የተከተፈውን ቲማቲም ከጨው ጋር ከትቼ፣ ሳልከድነው በመለስተኛ እሳት 40 ደቂቃ ያህል አማሰልኩት። ስጎ መድረሱ የሚታወቀው ዘይቱ ዳር ዳሩን ሲወጣና ማንኪያው በድስቱ መሃል ሲያልፍ የተወው መንገድ ቶሎ ሳይደፈን ሲቀር ነው። በመጨረሻ ጥቂት በሶብላ ጣል አድርጌበት፣ ከማይዝግ ብረት በተሠራችው ድስቴ ውስጥ እንዳለ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ስቀምሰው እንዲያውም ከማታው ይልቅ ጣፍጦ ነበር። ያው ቲማቲም፣ ያው ውሃ!

ሥራ ቦታ ደርሼ ለባልደረባዬ ስነግራቸው፣ በወጥ ቤት ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩት እኒያ ሴት «እስቲ የትናንቱን ድስት አምጪልኝ» አሉኝ። ወደ ብርሃኑ ዘወር ሲያደርጉት ውስጡ በሁለት ተከፍሎ ታየኝ፤ ስጎው እስከደረሰበት ድረስ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን እንደቀድሞው ግራጫ ነው። «ይኸውልሽ፣ ያጠበው ቲማቲሙ ነው» አሉ። የከተማችን ውሃ የአሉሚኒየም ድስትን ውስጡን ያጠቁረዋል፤ የቲማቲም አሲድ ደግሞ፣ በተለይ ከጨው ጋር ሌሊቱን ሙሉ ሲቆይ፣ ያንን ግራጫ ሽፋን ከብረቱም ጥቂት ጨምሮ እያሟሟ ወደ ስጎው ያስገባዋል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ምላስ የማይለየው ነገር ሲያድር ጎልቶ የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር።

የቀረውን ስጎ ደፋሁት። ከዚያ ወዲህ በአሉሚኒየም ድስት የሠራሁትን ስጎ ከእሳት እንዳወረድኩ ወደ ሌላ ዕቃ እገለብጠዋለሁ። በዚያው ሳምንት ቀፊራ ተመልሼ፣ እንደወቀስኳቸው ሁሉ በሰው ፊት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ከሣጥኑ ሥር የበሰሉትን መርጠው እያወጡልኝ፣ «መውቀስስ ድስቱን ነው እንጂ!» እያሉ ለጎረቤታቸው ነገሯት።