ጃንጂራና ሰባት ቤት

ሰሞኑን ልቤ እንዲሁ ይከፋዋል፤ ምክንያቱን ብጠየቅ የምመልሰው የለኝም። ከፑኔ ተነሥቼ ወደ ኮንካን ጠረፍ የወረድኩትም ከክፍሌ ለመሸሽ ያህል ነበር። መ. ግን «የሐበሾቹን ደሴት ሳታይ ከህንድ እንዳትወጣ» ስትለኝ ስለከረመች ለጉዞው የምሰጠው ሰበብ አላጣሁም።

ከራጃፑሪ መንደር በሸራ ጀልባ ወደ ደሴቲቱ ምሽግ ወደ ጃንጂራ ስንጠጋ ምሽጉ በር የሌለው ይመስል ነበር፤ ዋናው በር በማማዎች መካከል ተሸሽጎ ስለተሠራ ጀልባዋ ከሥሩ እስክትደርስ ድረስ አይታይም። ከበሩ አጠገብ ዝሆኖችን በጥፍሮቹ የጨበጠ አውሬ በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ውስጡ አሁን በአብዛኛው ፍርስራሽና ቁጥቋጦ ነው፤ ሆኖም በጨው ባሕር መካከል የሚጠጣ ውኃ የያዙ ኩሬዎችን፣ ከቅጥሩም ላይ ወደ ባሕሩ ያነጣጠሩትን ግዙፍ መድፎች ያየ ሰው ቦታው ለምን እንዳልተደፈረ ለመረዳት አይቸገርም። የማራታዎቹ ንጉሥ ሺቫጂ ደጋግሞ ዘምቶበት አልቻለውም፤ ልጁ ሳምባጂም እ.ኤ.አ. በ1682 ባሕሩን በድንጋይ ደልድሎ መንገድ ለማውጣት ሞክሮ ሳይሳካለት ተመልሷል። ይህን ሁሉ መክተው ደሴቲቱን የያዙት ሲዲዎች፣ ማለትም ከአፍሪካ ምሥራቅ፣ በተለይም ከሐበሻ ምድር እንደመጡ የሚነገርላቸው ሰዎች ናቸው።

አስጎብኚው አገሬን ጠይቆ ከሰማ በኋላ «እንግዲያው የዘመዶችህ ቤት ነው» አለኝ። ደረቴ ሲነፋ ለራሴም ታወቀኝ። ግን ዘመዶቼ እዚህ እንዴት መጡ?

ከዚያ በኋላ ስለ ግንቡ የተነገረውን በቅጡ አልሰማሁም። በሐሳቤ የመጣው ማሊክ አምባር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ተሸጦ ቀይ ባሕርን የተሻገረው፣ ከባግዳድ እስከ ህንዱ ደካን አምባ ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ ኖሮ በመጨረሻ በዚያው በደካን የነበረው የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነውና የሰሜን ህንድ ገዢዎች የነበሩትን የሙጋሎችን ጦር ለዓመታት ያስጨነቀው ሰው። እ.ኤ.አ. በ1626 እስኪሞት ድረስ ያደረገውን እያነሣን «የእኛ ልጅ» ማለት እንወዳለን። ልጁን ግን ከእናቱ ጉያ ነጥቆ እስከ ወደቡ የነዳው ማን ነበር? የውጭ ነጋዴ ከጠረፉ ላይ ሆኖ ገዝቶ ይሆናል፤ ከመሀል አገር ወደ ጠረፉ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቀው ግን የአገር ሰው ነው። ለመሆኑ የእኔ አያት ቅድመ አያቶች ከተሸጡት ወገን ናቸው ወይስ ከሻጮቹ? በቤታችን ይህ ጥያቄ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ይባስ ብሎ ዓመታቱን ማስተያየት ጀመርኩ። የጃንጂራ ሲዲዎች ነዋብ እየተባሉ እ.ኤ.አ. እስከ 1948 ድረስ ገዝተዋል፤ ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በዚህ ጠረፍ ባሪያ ሆነው የመጡ ሰዎች ተወላጆች ዙፋን ላይ ተቀምጠው ግብር ሲያስገቡ፣ ተነሡበት በተባለው አገር ሰው አሁንም የሰው ንብረት ነበር ማለት ነው። ነዋቦቹ ይህን ያውቁ ነበር ይሆን? አውቀውስ ቢሆን አገራችን ብለው ይጠሩን ነበር?

የመሸብኝ በዚህ ሐሳብ ነው። ምሽቱን ለመ. ስነግራት በመሀል አቋርጣኝ «ምሽጉስ? ፎቶ አነሣህ?» አለችኝ። አንሥቻለሁ እንጂ! ክንዴን መድፉ ላይ ጥዬ፣ ደሴቲቱን ራሴ እንዳስከበርኩ ሁሉ ቆሜአለሁ። በእኛ አገር ሥርዓት ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ባዳ ስለሚባል መጋባትም ይፈቀዳል። ከማሊክ አምባር ዘመን እስከ እኔ ያለው ትውልድ ቢቆጠር ሰባቱን ቤት እጥፍ ሳያደርገው አይቀርም። ታዲያ የሲዲ ልጅ ላግባ ብል ሽማግሌዎቹ ባዳ ናት ብለው የሚመርቁኝ ሰውዬ፣ መድፉ ዘንድ ስቆም የሥጋ ዘመድ የሆንኩት በየትኛው ቆጠራ ነው?